ቢያንስ ሦስት ሌሊት

ሰኔ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ አይጠይቅም፣
ሲሻው ገብቶ ያድራል፣ ቡኪንግም አያውቅም።
እኔ ግን ጠያቂ ነኝ፤
ስም፣ ስልክ፣ ስንት ሌሊት፤ ስክሪኑ እስኪፈቅድልኝ።

አምና በጥር ነበር ያመጡት ሶፍትዌሩን፤
ሻይ አይል፣ እንቅልፍ አይል፣ ይለቅማል ቀኑን፤
ሳጥን በሳጥን ላይ ደርድሮ ቆጣጥሮ፣
ይቀባል ቀይ፣ ቢጫ፣ ካቻምናን መርምሮ።
«ዓርብ ገብቶ ቅዳሜ የሚወጣ እንግዳ
ቅዳሜን ያስጾማል፣ እሁድ ይሆናል ዕዳ»
አለና፣ ለዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞን ሕግ አወጣ፦
ቢያንስ ሦስት ሌሊት። ያነሰ እንዳይመጣ።

አቶ ሸረፋም አሉኝ፦ «ጠይባ፣ እጅሽን ሰብስቢ፤
ሲዘጋ ዝጊ በቃ፣ ሲከፍት አስገቢ።
እስከ ዛሬ ሆዳችን እየባባ ነው ያከራየነው፤
የከሰርነውን ልክ የነገረን እሱ ነው።»

አልዋሽም፣ እውነት አላቸው።
ካቻምና በምረቃው ማግስት አሥራ አንድ ክፍል ጦሙን አድሮ
ነሐሴ ላይ ደረሰን የሰኔ ደሞዝ፣ ዞሮ ዞሮ።

እና አምና፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣
የጌራ መኪና አንድ ሰው አራግፎ ሄደ።
ጭቃው እስከ ጉልበቱ። ጃንጥላው ሽቦ ብቻ።
በብብቱ፣ በፌስታል፣ አዲስ ጫማ፤
እንዳይነካው ዝናብ፣ ለነገው ከተማ።

አባ ቢያ ነው ስሙ። «አንድ ሌሊት» አለኝ።
«ልጄ ነገ ትመረቃለች፣ አዋላጅ ነርስ ሆና።
ዶርሟ ወንድ አያስገባም። መርካቶ ያሉት አልጋዎች ሞልተዋል።
ላሜ ደግሞ ቀኗ ደርሷል፤ ነገ ማታ ካልተመለስኩ
የአዋላጅ አባት ሆኜ ላሜ ብቻዋን ልትወልድ?»

«1» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኑ ቀላ፦
ለአጭር ቆይታ ዝግ።
ከኋላዬ የሁለት መቶ ሰባት ቁልፍ
ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማንም ሳይነካው ይወዛወዛል።

«የሦስት ሌሊት ከከፈሉ ይቻላል» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
ጣቶቹን ቆጠረ። ብሩን አልነበረም፣ ሌሊቱን ነበር።
«እሺ ልክፈል» አለ። «ሁለቱን ሌሊት ግን ማን ይተኛልኛል?»

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ።
ምክንያት ይምረጡ፣ አለኝ ማሽኑ፦
የባለቤት ትእዛዝ። የድርጅት ደንበኛ። የዋጋ ስህተት። ሌላ።
ጭቃ የሚል የለም።
አባት የሚል የለም።
ሌላን ተጫንኩ።

ጠዋት አልጋውን ራሱ አንጥፎ፣
የረገጠውን ወለል በፌስታሉ ጠርጎ፣
አዲሱ ጫማ እየጠበበው፣ በነጠላ እርምጃ፣ ወጣ።
ቅዳሜ ለሁለት መቶ ሰባት ማንም አልመጣ።
እሁድም እንዲሁ።
አቶ ሸረፋ አልተቆጡም። ሪፖርቱ ላይ አሰመሩ፤
ከደሞዜ የሁለት ሌሊት ዋጋ ቀነሱ።
የአባ ቢያን ሁለት ሌሊት
የተኛሁለት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ሲጠባ ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤
ዓርብ አረንጓዴ! ለአንድ ሌሊት ክፍት! ደነገጥኩ፤
ልቡ ራራ ብዬ፣ ከኔ ተማረ ብዬ፣
ፈገግ ማለቴ ነበር፣ ዋጋው ላይ እስኪወድቅ ዓይኔ።
እጥፍ።
ከሥሩም በትንሹ፦
ምሽት ዘግይቶ የሚደርስ የአንድ ሌሊት እንግዳ
ሌላ አማራጭ ስለሌለው አይከራከርም።

ከኔው ነው የተማረ። ያቺን አንዲት ሌሊት
አላምጦ አላምጦ ገበያ አወጣላት።

እኔም ትንሽ ተምሬያለሁ።
ማሽኑ ባዶ ክፍል ያያል፣ የተያዘ ክፍል ያያል፤
የተበላሸ ክፍል ግን ዘሎ ያልፋል።
ሁለት መቶ ሰባት፦ ቧንቧው ያፈሳል፣ ለጥገና ተዘግቷል፤
ከዓርብ እስከ ቅዳሜ።

ቧንቧው ደህና ነው።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።
ሁለት ሰዓት ከሩብ። ውጭ ይዘንባል፣
የጌራው መኪና ገና አልደረሰም።